«ቁረጡ» የሚል ሰው

ተለማማጁ ሁሌም በሩን አንኳኩቶ ነው የሚገባው። ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ የሚውልን የሆስፒታል ክፍል በር ማንኳኳት ምን እንደሚጠቅም አላውቅም፤ ምናልባት ኮሌጃቸው እንዲህ ያስተምራቸው ይሆናል። ደረቱ ላይ «የመንፈሳዊ እንክብካቤ ተለማማጅ» የሚል ባጅ አንጠልጥሏል። ጫማው ተወልውሏል፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ እጆቹን የት እንደሚያስቀምጣቸው ግን አያውቅም።

«እንደምን አደሩ እናቴ? ዛሬ ምን ይሰማዎታል?» አላት እናቴን።

«እግሬ እየበሰበሰ ነው» አለችው። «አንተስ እንዴት አደርክ?»

ጎን ያለው አልጋ ላይ የተኛችው ባለዳቦ ቤቷ ሳቀች። የሐሞት ከረጢቷን ካወጡላት ገና ጥቂት ቀን ስለሆነ ሆዷን በትራስ ደግፋ ነው የምትስቀው። እኔ አልሳቅኩም።

እናቴ አላጋነነችም። ልብስ ሰፊ ናት። ወለል ላይ የወደቀ መርፌ ረገጠች፤ የስኳር ሕመሟ እግሯን አደንዝዞት ስለነበር አልተሰማትም፤ መርፌው ተረከዟ ውስጥ እንዳለ የታዘዘችውን የሙሽራ ቀሚስ ጨርሳ አስረከበች። እኔ ያወቅኩት ቤት ስገባ በተቀበለኝ ሽታ ነው። ሆስፒታል ስናደርሳት የእግሯ ጣቶች ጠቁረዋል፤ ቅላቱ ደግሞ በቅልጥሟ በኩል ወደ ጉልበቷ እየወጣ ነበር። ነርሷ የቅላቱን ዳር በሰማያዊ እስክሪብቶ አሰመረችበት። ቅላቱ መስመሩን ካለፈ ክፉ ነው አለችን።

የቀዶ ሐኪሙ ንግግር አጭር ነበር። እግሯ ከጉልበት በታች አሁኑኑ ቢቆረጥ ጉልበቷ ይተርፋል። ጉልበት ያለው ሰው ሰው ሠራሽ እግር አጥልቆ ይራመዳል፤ ደረጃ ይወጣል፤ የስፌት ማሽንም ይረግጣል። ከዘገየ ግን ከጉልበት በላይ ነው የሚቆረጠው፤ ያኔ ወንበር ላይ መቅረት ነው፤ እሱም ከተረፈች። ይህን ሁሉ ተናግሮ ሲያበቃ «ውሳኔው የእርስዎ ነው» ብሏት ወጣ።

ወዲያው ትፈርማለች ብዬ ነበር። እናቴ ጨርቅ ስትቆርጥ እንኳን አታመነታም፤ ሌላው ሰው ሁለት ጊዜ የሚለካውን እሷ በዓይኗ ለክታ መቀሱን ትሰዳለች። የዚያን ቀን ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና «የእግዚአብሔር ሰው መጥቶ ይንገረኝ። ያለዚያ ማንም ብረት አያስጠጋብኝም» አለች።

የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዲጠራ አትፈልግም። ለመዘምራኑ የሰፋችውን ልብስ «አንገቱ ሰፋ» ብሎ ሁሉንም ካስፈታት ወዲህ ሰላምታ የላቸውም። ስለዚህ ነርሷ ወደ መንፈሳዊ እንክብካቤ ቢሮ ደወለች። ቢሮው የራሱ ሰው የለውም። አንድ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ተማሪዎቹን ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ እስር ቤትና ወደ አረጋውያን መኖሪያ ይመድባል፤ ለእኛ የደረሰን ይሄኛው ነው።

ተለማማጁ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ወደ ፊት ዘንበል አለ። ይሄም ሳይማሩት አይቀርም።

«በአጭሩ ንገረኝ» አለችው እናቴ። «እግዚአብሔር ይቆረጥ ነው የሚለው ወይስ ይቅር?»

«እርስዎ ራስዎ ምን ይመስልዎታል?»

«ቢመስለኝ አንተን ምን አስጠራኝ?»

«ጥያቄው በጣም ከብዶዎታል ማለት ነው።»

«የከበደውስ አንተን ነው። ላብህን ጥረግ።»

ጠረገ። መሀረቡም ተተኩሷል።

«ሲያስቡት መጀመሪያ ወደ ልብዎ የሚመጣው ምንድን ነው?» አላት።

«ይሄ ልጅ መልስ የለውም ወይ የሚለው ነው የሚመጣው።»

ባለዳቦ ቤቷ ትራሷን ጨበጠች። «እንዲህ አድርጋችሁ አታስቁኝ፣ ስፌቴ ይፈታል» አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ «ስማ ወንድሜ፣ እኔ ጋ ደንበኛ መጥቶ ዳቦ አለ ወይ ሲለኝ፣ አንተስ ምን ይመስልሃል ብለው ኖሮ እስካሁን ሱቄን ዘግቼ ነበር» አለችው።

እሱ ለእሷም ፈገግ አለላት። ፈገግታው ነው ያናደደኝ። ሰውን እየሰማ ያለ የሚመስል፣ ምንም የማይል ፈገግታ ነው። እኔ የከተማው ውሃ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የምሠራው። ውሃ ይመጣልኛል፤ ይጠጣል ወይም አይጠጣም እላለሁ። ውሃውን «አንተስ ምን ትላለህ?» አልለውም።

በመጨረሻ እናቴ ዓይኗን ጨፍና የተኛች መሰለች። እሱ ተነስቶ ወጣ። ተከትየው ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ፣ የቆሸሸ አንሶላ የተከመረበት ጋሪ አጠገብ አቆምኩት።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አልኩት። ልመና እንደማልችልበት ከድምፄ ሳያስታውቅ አልቀረም።

«እህቴ፣ የምችለው ከሆነ—»

«እህትህ አይደለሁም። ነገ ስትመጣ ‹እግዚአብሔር ይቆረጥ ብሏል› በላት። በቃ። ከዚያ ውጣ።»

«እንዲህ ማለት አልችልም።»

«ለምን? አፍህ ደህና ነው፣ ሰምቼዋለሁ።»

«እግዚአብሔር አላለኝማ።»

«አይቆረጥ ብሎሃል?»

«አይ። እሱንም አላለኝም።»

«እንግዲያው ተቃውሞ የለውም።»

ሊስቅ ነበር መሰለኝ፤ ተወው። ጋሪው ላይ የተንጠለጠለውን አንሶላ ጫፍ ይዞ ያጣጥፍ ጀመር። «መልስ እንድንሰጥ አይፈቀድልንም» አለ። «የልምምድ አስተማሪያችን የመጀመሪያ ቃሏ እሱ ነው። እናንተ የምትሄዱት ለመስማት ነው፤ የሰውን ጥያቄ አትመልሱ፤ ራሱ እንዲያየው አድርጋችሁ መልሳችሁ ስጡት ትላለች።»

«እናቴ ጥያቄዋ እንዲመለስላት እንጂ ተመልሶ እንዲሰጣት አልጠየቀችም።»

«ገብቶኛል። ግን እኔ...» አንሶላውን ተወው። «እኔ አንዴ ተናግሬያለሁ። ከዚህ በፊት የተመደብኩበት አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ‹እድናለሁ ወይ?› አሉኝ። ‹እግዚአብሔር ፈውሶዎታል› አልኳቸው። ደስ ስላላቸው ደስ አለኝ። እሳቸው ደግሞ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሽንት ቤት ከተቱት።»

«ሞቱ?»

«አልሞቱም። ግን አፋቸው ተጣመመ፤ አሁን አይናገሩም። አስተማሪዬ ሁለተኛ በእግዚአብሔር ስም እንዲህ ብል ከኮሌጁ እንደምሰናበት ነግራኛለች። ልክም ናት።»

ላዝንለት ይገባኝ ይሆናል። ጊዜ አልነበረኝም። «ስለዚህ የእናቴ ጉልበት ለአንተ የፈተና ውጤት ነው» አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያልተማረውን ነገር ተናገረ። «አንቺ ለምን አትነግሪያትም?»

«ነግሬያታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

ምን እንዳልኳት አስታወስኩ። ቁስሉ ለምን እንደማይድን ከነምክንያቱ፣ ከመቶ ሰውም ስንቱ እንደሚተርፍ አስረድቼያታለሁ። ሰው ሠራሽ እግር ያላቸው ሰዎች ሲራመዱ የሚያሳይ ቪዲዮ ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳይቻታለሁ፤ «ፊቴ ላይ አታብሪብኝ» ብላ ገፍታዋለች። ሁሉንም ብዬ ስጨርስ «እንግዲህ ያንቺ እግር ነው እማ፣ የምታውቂው አንቺ ነሽ» ብያታለሁ። ያኔ ማክበር መስሎኝ ነበር።

«የሚነገረውን ሁሉ ነግሬያታለሁ» አልኩትና ጥዬው ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ ቅላቱ ሰማያዊውን መስመር አልፎ ነበር። ብዙ አይደለም፣ የጣት ስፋት ያህል። ነርሷ እስክሪብቶዋን ከኪሷ አውጥታ ከፍ ብላ አዲስ መስመር አሰመረች። እናቴ ጣሪያውን ነበር የምታየው።

«አለፈ እንዴ?» አለች።

«ትንሽ» አለች ነርሷ።

«ሰው ቆዳ ላይ ጠመኔ እንጂ እስክሪብቶ አይጠቀሙም። ጠመኔ ይጠፋል።»

«እንዳይጠፋ ነው እማማ።»

ከነርሷ ኋላ ሐኪሙ መጣ። ነገ ጠዋት የቀዶ ጥገና ክፍሉ ነፃ እንደሆነ፣ ከነገ በኋላ እሱ ለሥራ ሌላ ከተማ እንደሚሄድና እስኪመለስ ቅላቱ እንደማይጠብቅ ቆሞ ነገረን። «ወሰኑ?» አላት።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለችው።

«አማራጮቹን ነግሬዎታለሁ። ውሳኔው የእርስዎ ነው።»

«እናትህ ብትሆንስ?»

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። «እናቴ አይደሉም» አለ። በክፋት አይደለም። እውነቱን ነው የተናገረው። እናቴ ግን ሰውዬው በሩን እስኪወጣ ድረስ ጀርባውን ስታየው ቆየችና «የሱ ኮት ትከሻው ላይ ተበላሽቷል። እጅጌውን ገልብጠው ነው የገጠሙት» አለች።

«እማ፣ እባክሽ።»

«ምን እባክሽ? አንቺ እኮ ዛሬ ቢቆርጡልሽ ከነገ ጀምሮ ማሽኔን ከሳሎን ታወጪዋለሽ። ድምፁ እረፍት ነሳኝ ስትዪ ነው ያደግሽው።»

«ድምፁ እረፍት ይነሳላ። ምን ልዋሽ? ግን ማሽኑን ለማስወጣት እግር አላስቆርጥም።»

«እሱንማ ማን ያውቃል» አለች ባለዳቦ ቤቷ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

«አንቺ ሐሞትሽን ካወጡልሽ ወዲህ ነው እንዲህ የመረርሽው ወይስ ዱሮም ነው?» አልኳት።

«ዱሮም ነው የኔ ልጅ» አለችኝ፣ ምንም ሳይመስላት።

ከሰዓት በኋላ ተለማማጁ አንኳኳ። «ጥያቄው መጣ» አለች ባለዳቦ ቤቷ። ስም አውጥታለታለች።

እናቴ ከትራሷ ቀና ብላ ተቀምጣ ጠበቀችው። ፀጉሯን እንዳበጥርላት ጠይቃኝ ነበር። ሻርፗንም አስተካክላለች። እናቴ እንዲህ ስትለሳለስ እኔ እፈራለሁ፤ እሱ ግን አያውቃትም።

«ና ልጄ፣ ቁጭ በል» አለችው። «ዛሬ ጥያቄ አትጠይቀኝ። እሺ?»

«እሺ እናቴ።»

«እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ። አንተ መጽሐፉን ቀን ከሌት ታነባለህ። ነገ ጠዋት ሊቆርጡኝ ይፈልጋሉ። ይቆረጥ በለኝ ወይ አይቆረጥ በለኝ። አንዱን ቃል ብቻ።»

ተለማማጁ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ይቆረጥ የሚላት መሰለኝ።

«ከዚያ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ» አለ። «በመካከላችን የተደበቀ ነገር እንዲኖር አልፈልግም። ልጅዎ ትናንት ኮሪደር ላይ ‹እግዚአብሔር ይቆረጥ ብሏል› ብዬ እንድነግርዎ ጠይቃኛለች። እኔ ግን ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ ልዋሽዎ አልችልም። ይህን ማወቅ መብትዎ ነው ብዬ ነው።»

እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራ ሌላ ሰው አላውቅም። ሌባ አይሠራውም፤ ነጋዴ አይሠራውም፤ የከተማው ምክር ቤት እንኳን አይሠራውም። ሕሊናው እንዲነጻ ብሎ፣ የሰውን ጉልበት የሚያሳጣ እውነት አልጋ ላይ ዘርግፎ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ እንዲህ ዓይነት ሰው ብቻ ነው የሚሠራው።

እናቴ ወደ እኔ አልዞረችም። እሱን ነው ያየችው።

«ብለኸኝ ቢሆን ኖሮ አምንህ ነበር» አለችው።

«ውሸት ይሆን ነበር እናቴ።»

«እኔ ውሸት መሆኑን አላውቅም ነበር። ይሄኔ ፈርሜ ተገላግዬ ነበር። አሁን አበላሸኸው።»

«እኔ...»

«አንተ ምን? አንተ የገባህ ነገር የለም። እኔ እግዚአብሔር እግሬን ይፈልግ አይፈልግ ማወቅ የቸገረኝ ይመስልሃል? ምን ያደርግለታል? እኔ የምፈልገው አንድ ሰው ነው። ነገ ስነቃ፣ እጄን ሰድጄ እግሬን ሳጣው፣ ስሙን ጠርቼ የምረግመው ሰው። ሐኪሙን ብረግመው ‹ራስዎ ፈቅደው› ይለኛል። ይቺን ብረግማት» በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች «‹የምታውቂው አንቺ ነሽ ብዬሽ ነበር› ትለኛለች። እግዚአብሔርን ልረግም አልችልም። ራሴን ረግሜ እንዴት እኖራለሁ? አንተ ነበርክ የቀረኸኝ። ልጅ ነህ፤ ትከሻህ ሰፊ ነው፤ ትችለው ነበር።»

የተለማማጁ ዓይን እንባ አቅርሯል። ከዚያ ወደ ፊት ዘንበል አለና፣ በዚያ ኮሌጅ ባስለመዱት ለስላሳ ድምፅ «ይህን ስላካፈሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ» አላት።

እናቴ የውሃውን ጆግ ወረወረችበት።

ፕላስቲክ ነው። ግን ሙሉ ነበር። ትከሻው ላይ አርፎ፣ ሸሚዙን አርጥቦ፣ ወለሉ ላይ እየተንከባለለ ባለዳቦ ቤቷ አልጋ ሥር ገባ። ነርሷ ሮጣ መጣች። ባለዳቦ ቤቷ «ምንም አልሆነም ሲስተር፣ እየጸለዩ ነው» አለቻት።

«ውጣልኝ» አለችው እናቴ። ወጣ። የተወለወለው ጫማው በየእርምጃው ይንጫጫ ነበር።

ነርሷ መወልወያ ልታመጣ ሄደች። እናቴ ያኔ ነው ወደ እኔ የዞረችው።

«በሰው አፍ ልታስቆርጪኝ ነበር?»

«አዎ።»

«አፍሽ ምን ሆነና?»

«አንቺ አትሰሚኝማ። ስነግርሽ ስለ ማሽን ታወሪኛለሽ።»

«መቼ ነገርሽኝ? የነገርሽኝ ስለ ሌላ ሰው ነው። ከመቶ ሰው ይሄን ያህሉ፣ ከመቶ ሰው ያን ያህሉ። እኔ መቶ ሰው ነኝ? ስልክሽን ከፍተሽ አንድ ሰውዬ ሲሮጥ አሳየሽኝ። ሰውዬው ምኔ ነው? ከዚያ ደግሞ የምታውቂው አንቺ ነሽ ትዪኛለሽ። እኔ አላውቅም። አላውቅም እያልኩሽ እኮ ነው። ሁላችሁም እየተቀባበላችሁ መልሳችሁ እኔ ላይ ትጥሉታላችሁ።»

እንድናገር የጠበቀችኝ አይመስለኝም። ወደ ግድግዳው ልትዞር ትራሷን ይዛ ነበር። እኔም ብዙ አላሰብኩም። ካሰብኩ መልሼ ስለ መቶ ሰው እንደማወራ አውቃለሁ።

«ይቆረጥ» አልኳት።

«ምን አልሽ?»

«ነገ ጠዋት ይቆረጥ። እኔ ነኝ የምለው። ሐኪሙ አይደለም፣ እግዚአብሔርም አይደለም። ቢበላሽ እኔ ነኝ ያስቆረጥኩሽ። ብትሞቺም እኔ ነኝ።»

«ድገሚው።»

«ይቆረጥ።»

አተኩራ አየችኝ። የሰፋችውን ልብስ ሰው ላይ አልብሳ እንደምታየው ነው፤ የቱ ጋ እንደተበላሸ ስትፈልግ።

«ከነገ ጀምሮ እረግምሻለሁ» አለች።

«እርገሚኝ።»

«እናት ናት፣ ከአንገት በላይ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። እስክሞት ነው የምረግምሽ። የምሬን ነው።»

«አውቃለሁ። ቀልድ መቼ ታውቂና።»

«ጎረቤት ፊትም እረግምሻለሁ።»

«እዚህም እያደረግሽው ነው።»

ነርሷ መወልወያውን ይዛ ስትገባ እናቴ «አንቺ፣ ተይው ውሃውን። የምፈርምበትን አምጪው» አለቻት። ነርሷ አመጣች። እናቴ ፈረመችና እስክሪብቶውን ሳትመልስ «ቁረጡ ያለችው ልጄ ናት። እሱን የት ነው የሚጻፈው?» ብላ ጠየቀች።

«ለሱ ቦታ የለውም እማማ።»

«ጥግ ላይ ጻፊው።»

ነርሷ አየችኝ። «ጻፊላት» አልኳት። ጻፈች። እናቴ ማንበብ እንደምትችል ነርሷ አልገመተችም መሰለኝ፤ እናቴ ግን መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን ቃል አየች፤ ከዚያ ነው ወረቀቱን የለቀቀችው።

ጠዋት ወሰዷት። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። አልጸለይኩም። ሐኪሙ ጭምብሉን አገጩ ላይ አውርዶ ወጣና «ጉልበታቸው ተርፏል። ለጥቂት ነው» አለኝ። ለጥቂት ሲል በሁለት ጣቶቹ መሀል ያለውን ክፍተት አሳየኝ። ወረቀት የሚገባበት አይመስልም ነበር።

ወደ ክፍላችን ሲመልሷት ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗ ይከደናል ይከፈታል። እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር ሰዳ ወደ ታች ዳሰሰች። ጉልበቷ ላይ ደረሰች፤ ከጉልበቷ ትንሽ ወረደች፤ ከዚያ በኋላ የምትዳስሰው አልነበረም። እጇ እዚያው ቀረ።

«ማነው ቁረጡ ያለው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እጅሽ ይቆረጥ» አለችና ተመልሳ ተኛች።

ቃሏን አላጠፈችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ረገመችኝ፤ ያውም በሙያዋ። የሰፋሽው ሁሉ ይተርተር፣ ክርሽ አይቋጠር፣ የለካሽው ይጠር፣ የሞቀሽ ልብስ ይውለቅብሽ። ሾርባ ሳጎርሳት በጉርሻ መሀል ትረግመኛለች፤ ከዚያ አፏን ትከፍታለች። ጠያቂ ዘመዶች ሲመጡ መጀመሪያ እኔን ረግማ ነው ሰላም የምትላቸው። አክስቴ «ኧረ ተይ፣ ልጅሽ አይደለችም እንዴ?» ስትላት «ልጄ ባትሆን ምን ብዬ እደክምላታለሁ?» አለቻት። አንዳንዴ ያመኝ ነበር። አላመመኝም ብል እዋሻለሁ። ከሥራ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ትንሽ እተነፍሳለሁ፤ ከዚያ እገባለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ባለዳቦ ቤቷ ወደ ቤቷ ሄዳለች፤ ስለዚህ «ጥያቄው መጣ» የሚል ሰው አልነበረም። ተለማማጁ በሩ ላይ ቆመ። ባጁን ደረቱ ላይ አላደረገም።

«እንደምን ዋሉ እናቴ?» አለ። ሌላ ጥያቄ አላስከተለም።

እናቴ ከፀጉሩ እስከ ጫማው አየችው። የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያዋ ጉልበቷ እንዳይደርቅ በየቀኑ እንድታጥፈውና እንድትዘረጋው አዛት ነበር፤ ያንን ልንጀምር ስንል ነው የመጣው።

«ዛሬ ከኮሌጁ ተልኬ አይደለም» አለ። «የዚህ ሆስፒታል ልምምዴ አልቋል። አንድ ነገር ልነግርዎ ነው። ያን ቀን እንዲቆረጥ አስብ ነበር። በእግዚአብሔር ስም ሳይሆን በራሴ ስም ልነግርዎ እችል ነበር። አልነገርኩዎትም፤ ፈራሁ። እና ልጅዎን ብቻ እንደሚረግሙ ነርሷ ነገረችኝ። እኔንም ይርገሙኝ።»

«ያን ቀን ታስብ ነበር?»

«አዎ።»

«እና ምን አልክ?»

«ምንም አላልኩም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልርገምህ?» አለችው። «ምንም ላላለ ሰው ርግማን የለኝም። እሷ ብላለች፤ የሷ ነው። አላካፍልህም።»

ጆጉ ሲመታው እንዲህ አልሆነም ነበር። አንገቱ ሥር ቀላ። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትንሽ ደስ ብሎኛል፤ ሙሉ በሙሉ አይደለም። ወንበር እንድሰጠው የጠበቀ መሰለኝ። አልሰጠሁትም።

«ወይ ግባ ወይ ውጣ» አለችው እናቴ። «በር ላይ አትቁም፣ ብርድ ይገባል።»

ገባ። በባለዳቦ ቤቷ ባዶ አልጋ ጥግ ላይ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ዘንበል አላለም።

«አንሺው» አለችኝ እናቴ።

ብርድ ልብሱን ገልጬ የቀረውን እግሯን በሁለት እጄ ከሥር ያዝኩ። ፋሻው ይሞቅ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ ይከብዳል።

«በቀስታ፣ እጅሽ ይቆረጥና።»

«እሺ። እጠፊው።»

«ዓይንሽ መርፌ አይለይ» አለችና ጥርሷን ነክሳ አጠፈችው። ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ።

«ዘርጊው።»

«እጀ ጠባብሽ አንገትሽ ላይ ይቀርቀር።» ዘረጋችው።

«እንደገና።»

«ምን ዓይነት አረመኔ ልጅ ወለድኩ!» አለች፤ ጉልበቷ እጄ ውስጥ ተንቀሳቀሰ፣ ታጠፈ።